የሙት ባቡር ወሬ ሟቾችን ያስታውሳል ወይስ ይሸፍናል?

አወያይ፦ የዛሬውን ጥያቄ ያነሳው በአሜሪካ ሻርሎት ከተማ የሚኖር አባላችን ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ኦገስት 27 ሌሊት በስቴትስቪል አጠገብ ወዳለው የቦስቲያን ድልድይ እንሂድ ብለውታል። እ.ኤ.አ. በ1891 በዚያች ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ የመንገደኞች ባቡር ከድልድዩ ላይ ወድቆ ከ20 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ዕለቱ በመጣ ቁጥር የፉርጎዎች መንኮታኮትና የሰው ጩኸት ይሰማል ይባላል። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው የወርቅ ሰዓቱን ይዞ ብቅ ይልና «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል የሚሉም አሉ። እንግዲህ አደጋ የደረሰበትን ቦታ በእንዲህ ያለ ወሬ ማስተዋወቅና ሰው መጋበዝ ተገቢ ነው?

ከሻርሎት፦ እውነቱን ለመናገር ልሄድ ወስኜ ነበር። የእጅ ባትሪ ሁሉ ገዝቻለሁ። ባለቤቴ ናት «ሐዲዱ እኮ አልተነቀለም» ብላ ያስቆመችኝ።

ከዋሽንግተን፦ ባለቤትህ ይባረኩ። እ.ኤ.አ. በ2010 በዚያው ቀን፣ በዚያው ሌሊት አሥር ያህል ሰዎች ድልድዩ ላይ ቆመው የሙት ባቡሩን ይጠብቁ ነበር። መብራት አዩ፤ ድምፅ ሰሙ። የመጣው ግን እውነተኛ ባቡር ነበር። ሮጠው ብዙዎቹ አመለጡ፤ አንድ የ29 ዓመት ሰው አጠገቡ የነበረችውን ሴት ገፍትሮ አድኖ እሱ ሞተ። ከዚህ በኋላ ምን ክርክር ያስፈልጋል? ወሬው ሰው በላ።

የድሬዳዋ ልጅ፦ ሰው የገደለው ወሬው ሳይሆን ሐዲድ ላይ መቆም ነው። ለመሆኑ የ1891ን አደጋ ዛሬ እኔና አንተ እንድናወራው ያደረገን ምንድን ነው? ተረቱ አይደለም? በዚያ ዘመን ከሐዲድ የወጣው ባቡር ስፍር ቁጥር የለውም፤ አብዛኛው ተረስቷል። ተረት የሌለው ሙት ሁለት ጊዜ ይሞታል። እኔ ያደግሁት ሽመንደፈር ሠፈር ነው፤ የባቡር ወሬ ከወተት ጋር ነው የጠጣሁት፤ ማንንም ሲጎዳ አላየሁም።

ከስቶክሆልም፦ ሙት የሌለበትም የሙት ባቡር አለ። እዚህ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የምድር ውስጥ ባቡሩ ሁሉ አረንጓዴ ሲቀባ፣ አንዱ ብቻ ለሙከራ ሳይቀባ እንደ ብር እያብለጨለጨ ይሄድ ነበር። ተጠባባቂ ስለነበር አልፎ አልፎ ብቻ ይወጣል። ያየውም ያላየውም «የብር ቀስት» ሲል ሰየመው፤ የተሳፈረ አይመለስም ተባለ። ግንባታው ተጀምሮ የቀረ ኪምሊንጌ የሚባል ጣቢያ ደግሞ አለ፤ እዚያ የሚወርዱት ሙታን ብቻ ናቸው ይላሉ። በባዶው ጣቢያ በኩል ሳልፍ ዛሬም ቀና ብዬ አያለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ይህ ማንን ይጎዳል?

ከቴክሳስ፦ የስቶክሆልሙ ጨዋታ ነው፤ ሁሉም ግን እንደዚያ አይደለም። በሳን አንቶኒዮ አንድ የባቡር ማቋረጫ አለ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ በባቡር ተመትቶ ያለቁ ሕፃናት የቆመ መኪና ከሐዲዱ ላይ ገፍተው ያሻግራሉ ይባል ነበር። ሰው መኪናው ኋላ ላይ ዱቄት ነስንሶ የሕፃናት የጣት አሻራ ይፈልግ ነበር። እኔም ነስንሻለሁ፤ ያገኘሁት የራሴን ልጅ አሻራ ነው። መንገዱ ለዓይን አቀበት ይመስል ነበር እንጂ ቁልቁለት ነበር። አደጋውም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1938 የደረሰው ከዚያ ርቆ በዩታ ግዛት ነው፤ የሳን አንቶኒዮ ጋዜጦች በስፋት ስለዘገቡት ሰው የራሱ ከተማ አደጋ አደረገው። ስለዚህ ተረት ያስታውሳል ለሚለው ወንድሜ፦ ማንን? የዩታ እናቶች ልጆቻቸውን ቀበሩ፤ መታሰቢያውን ሌላ ከተማ ወሰደው።

የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ፦ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። በስኮትላንድ የቴይ ድልድይ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1879 በማዕበል ምሽት ባቡሩን እንደያዘ ወንዝ ውስጥ ገባ። አንድም የተረፈ የለም። በየዓመቱ በዚያች ምሽት የባቡሩ መብራት ውኃው ላይ ሲሻገር ይታያል ይላሉ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። የማይታወቀውን ልንገራችሁ። የድልድዩ የብረት ምሰሶዎች ከቀለጠ ብረት ሲሠሩ አየር ገብቶባቸው ቀዳዳ አውጥተው ነበር። ፋብሪካው ቀዳዳውን በምን ደፈነው? በሰም! ሰምና የብረት ብናኝ ቀላቅለው ሞሉት፤ ሲወለወል ብረት ይመስላል። መርማሪዎቹ በማግስቱ ዓመት ዲዛይኑም፣ ግንባታውም፣ ጥገናውም መጥፎ ነበር አሉ። ሎኮሞቲቩን ከወንዝ አውጥተው ጠግነው እስከ 1919 አሠሩት፤ የባቡር ሰዎች «ጠላቂው» እያሉ ይጠሩት ነበር። የባቡር ሠራተኛ ቀልድ እንዲህ ነው።

የድሬዳዋ ልጅ፦ ጋሼ፣ ሰምና ወርቅ አደረጉብን እኮ።

የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ፦ ባለቅኔ ሰም የሚያኖረው ወርቁ እንዲፈለግ ነው። እነዚያ ያኖሩት ቀዳዳው እንዳይፈለግ ነው። የሙት ባቡር ወሬም ለእኔ እንደዚያኛው ሰም ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ ላይ ከ400 በላይ ሰው ያለቀው ባቡሩ ወደ ድልድዩ ኩርባ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ስለገባ ነው። ከዚያ በኋላ ያንን ኩርባ ስናልፍ ስለ መንፈስ ያወራ ነጂ አልሰማሁም፤ ስለ ፍሬን ግን ያላወራ የለም። ነገ አንዱ መጥቶ «የአዋሽ ሙት ባቡር» ብሎ ቲኬት ቢቆርጥ ምን ትለዋለህ?

የድሬዳዋ ልጅ፦ አዋሽን አይንኩብኝ፣ ጋሼ። ጎረቤታችን ባሏን እዚያ ነው ያጣችው።

ከዋሽንግተን፦ ስቴትስቪልም ጎረቤት ነበረው።

የድሬዳዋ ልጅ፦ ገባኝ። ተረቱ ይውጣ ግን አልልም። ጋሼ የነገሩን ሰም አብሮ ይነገር። መብራቱን የሚተርክ ሰው ቀዳዳውንም ይተርክ፤ ሌሊት ሐዲድ ላይ ሰው መሰብሰብም ይቅር። ከዚህ አላልፍም።

ከስቶክሆልም፦ የእኔን የብር ቀስት ግን ተዉልኝ።

ከሻርሎት፦ ለባልደረቦቼ የ2010ሩን ነገርኳቸው። ሁለቱ ቀሩ፤ አንዱ አሁንም እሄዳለሁ ይላል፤ ጋሼ የነገሩንን ተርጉሜ ልኬለታለሁ። እኔ ለዚያች ሌሊት የሥራ ፈረቃ ጠይቄ ወስጃለሁ። ባለ ወርቅ ሰዓቱ ሰውዬ ሰዓት ከፈለገ፣ የመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ትልቅ አለ።