የአፈር ብሎኬታችን ውሃ ውስጥ ፈረሰብን፤ ምን ይሻለናል?

ሰላም ለሁላችሁ። የአርክቴክቸር ተማሪዎች ነን። አራት ሆነን የመመረቂያ ፕሮጀክት ይዘናል። ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዙ ባልና ሚስት 42 ካሬ ሜትር ቤት መንደፍ ነው።

የኮንዶሚኒየሙ 20/80 እንኳ 20 በመቶ ቅድሚያ ክፍያው ስንቱን እንዳስጨነቀ ታውቃላችሁ። እኛም ወጪውን ከግድግዳው ልንቀንስ ብለን በማሽን የተጠቀጠቀ የአፈር ብሎኬት መረጥን። እሳት አይፈልግም፣ እንጨት አይፈጅም።

አፈሩን ያመጣነው ቦሌ አካባቢ ከተቆፈረ መሠረት ነው። 8 በመቶ ሲሚንቶ ጨመርንበት። 28 ቀን እርጥብ ጆንያ አልብሰን ጥላ ሥር አቆየነው። ከዚያ አንዱን ባልዲ ውሃ ውስጥ ከተትነው። ጠዋት ስናወጣው ጠርዙ በጣት ሲነካ እንደ ራሰ ዳቦ ተቆረሰ። በጣም ነው የደነገጥነው።

ጥፋቱ የአፈሩ ይመስለኛል። ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ አፈር ከሲሚንቶ ይልቅ ኖራ እንደሚሻል አንብቤያለሁ። ግን በእጁ የሠራ ሰው አላገኘሁም።

ኖራ ስንት በመቶ ብንጨምር ይይዛል? ወይስ ዋልካውን ትተን ቀይ አፈርና አሸዋ እንቀላቅል? የማጓጓዣው ወጪ ግን ያሳስበኛል። የአያቴ የጭቃ ቤት እስካሁን የቆመው ከሥሩ ድንጋይ ስላለውና የጣሪያው ክፈፍ ሰፊ ስለሆነ ነው። ያንኑ ብናደርግ፣ ብሎኬቱ ትንሽ ቢደክምም ያስኬዳል?

ሞክራችሁት የምታውቁ፣ እባካችሁ ንገሩን። ለመምህራችን የምናቀርበው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው።