«ደም ብዛት» እና «ደም ማነስ» ተቃራኒ ናቸው እንዴ?

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦
ሰላም ቤተሰብ። የመጣሁት በቃላት ጉዳይ ነው፣ ግን ቃሉ እናቴን ሊጎዳብኝ ስለነበር ትንሽ ተናድጃለሁ። እማዬ ስልሳን አልፋለች፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ የደም ብዛት ኪኒን ከጀመረች ዓመታት ሆኗታል። ሰሞኑን ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች፣ ልቧ ድው ድው ይላል፣ ፊቷም ገረጣብኝ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርገው አዩ፣ ደም ተቀዳች፣ «ማዘር፣ ደም ማነስ አለብዎት» ተባለች። የብረት ኪኒን ይዘን ገባን።

ከሳምንት በኋላ ሳይ የደም ብዛቱ ኪኒን አልተነካም። «ምነው እማዬ?» ብላት «በዝቶ ነበር፣ አነሰልኝ። አሁን ደግሞ እሱን ብውጥ ጭራሽ ሊያልቅ ነው እኮ» አለችኝ።

በሂሳብ ከሄድን እኮ ልክ ናት! የበዛ ነገር ሲያንስ ሰው ዳነ ይባላል። ታዲያ እነዚህን ሁለት ቃላት ማን ነው ጎን ለጎን ያስቀመጠብን? እንዴትስ ላስረዳት?

ጠብታ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ኪኒኑን ማቋረጧን ለሐኪሟ ንገርና ዛሬውኑ ትመለስበት። የቃሉ ወሬ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ላብራቶሪ ነው የምሠራው፣ ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። «ደም ብዛት» ሲባል ደሙ በዝቶ አይደለም። ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው የጨመረው፣ ለዚህ ነው «ደም ግፊት» የሚለው የሚሻለው። «ደም ማነስ» ደግሞ ግፊቱንም ሊትሩንም አይመለከትም። የሚያንሰው ቀዩ ነው። ሰው አምስት ሊትር ገደማ ደሙ ሳይጎድል ደም ማነስ ሊኖረው ይችላል፤ ድስቱ ሙሉ ሆኖ በርበሬው የሳሳ ወጥ በለው። እኛ የምንለካው ቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ነው፣ ብረት ያለበትን ኦክስጅን ተሸካሚ። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት በዴሲሊትር ከ12 ግራም፣ ወንድ ደግሞ ከ13 ግራም ካነሰ ደም ማነስ ይባላል። እንደኛ ከፍ ያለ ቦታ ላለ ሰው ቁጥሩ ይስተካከላል። ስለዚህ ግፊትም ማነስም ባንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። የእናትህ ይኸው ነው። ደግሞ በዚህ ዕድሜ ቀዩ ለምን እንዳነሰ መፈለግ አለበት፣ ኪኒን ይዞ መምጣት ብቻ አይበቃም።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦
«ቀይ የደም ሕዋስ» የሚሉትን ግን ልቃወም። ሕዋስ ስንማር ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ ነበር፤ አምስቱ ሕዋሳት። በአብዮቱ ዘመን ደግሞ የድርጅት ሕዋስ ነበር፣ ሰው የታሰረበት። አንዱ ቃል ስንት ይሸከም? ሴል በሉት፣ ሁሉም ይገባዋል።

ጠብታ፦
ከሴልም ለየት ያለ ሴል ነው። አስኳል የለውም። ማለት ሲወለድ አለው፣ መቅኒ ውስጥ ሲያድግ ሄሞግሎቢን እየሞላ ይሄድና መጨረሻ ላይ አስኳሉን አውጥቶ ይጥለዋል። ቦታውን ለጭነት ነው የሚፈልገው። ለዚህ ነው መሃሉ በሁለቱም በኩል ጎድጎድ ያለው፣ ሊጥ ድቡልቡል አድርገህ በሁለት ጣት ጫን ስታደርገው እንደሚሆነው። ስፋቱ የሚሊሜትር ሺኛ ሰባት ወይ ስምንት ቢሆን ነው፣ እጥፍ ብሎ ከራሱ በጠበበ ሥር ሾልኮ ያልፋል። ግን ለዚህ የሚከፍለው አለ። አስኳል የሌለው ራሱን መጠገን አይችልም። 120 ቀን ያህል ሮጦ ያበቃለታል። መቅኒው ይህን ለመተካት በየሴኮንዱ ከሁለት ሚሊዮን በላይ አዲስ ያወጣል። ይሄን አረፍተ ነገር አንብበህ እስክትጨርስ ስንት እንደወጣ አስላው።

ፍርምባ ወዳድ፦
መቅኒ ካልክ ቅልጥምን አታልፈውም! እኔ እስከማውቀው ቅልጥም አጥንቱም ውስጡም ነው፣ መቅኒ ግን ውስጡ ብቻ። ዕብራውያን 4፥12 ላይ በ1954ቱ ትርጉም ቅልጥም የተባለው ውስጡ ነው። ሰፈራችን ደም ላነሰው ሰው የቅልጥም ሾርባ ነው የሚታዘዘው። ደሙ ከዚያ ስለሚመጣ፣ አይደል?

ጠብታ፦
እዚህ ጋ ልሳቅ። ሕፃን ልጅ ላይ እውነት ነው፣ የሁሉም አጥንት መቅኒ ቀይ ነው፣ ሁሉም ደም ይሠራል። ከዚያ በፊት፣ ማኅፀን ውስጥ እያለ፣ ሥራውን ይበልጡን የያዘው ጉበት ነው። ሲያድግ ግን የረጃጅሞቹ አጥንቶች መሃል ወደ ቢጫ ይለወጣል፣ ቢጫው ስብ ነው። ደም መሥራቱ የሚቀረው የጀርባ አጥንት፣ ጎድን፣ የደረት አጥንት፣ ዳሌ፣ የራስ ቅልና የጭንና የክንድ አጥንት የላይኛው ጫፍ ላይ ነው። ያደገ በሬም እንደዚያው። ቅልጥም ሰብረህ የምትመጠው ደም የማይሠራውን ነው። ደም ሠሪውማ አንተ የምትወደው ፍርምባ ያለበት አጥንት ውስጥ ነው።

ፍርምባ ወዳድ፦
ስሜን አከበርክልኝ 😂

እንጦጦ በጠዋት፦
እኔ ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ነው የምሮጠው። የሰፈር ሰው «የደጋ ሰው ደሙ ወፍራም ነው» ይላል፣ አሠልጣኙም ያንኑ ይላል። ወፍራም ደም የሚባል ነገር አለ?

ጠብታ፦
መነሻው አለው። አየሩ ሲሳሳ ኦክስጅኑ መቀነሱን የሚያውቀው ኩላሊት ነው። መጻሕፍት ኩላሊት ይመረመራል ይላሉ፣ እዚህ ግን መርማሪው እሱ ነው። ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ይልካል፣ መቅኒው ሥራ ያፋጥናል። የተጀመረው ሴል ግን ደም ሥር ውስጥ እስኪገባ ሳምንት ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚህ ከቆላ መጥተህ በማግስቱ ደምህ አይጨምርም። የኩላሊት ሕመምተኛ ደም የሚያንሰውም ላኪው ስለደከመ ነው።

ነገር ግን «የደጋ ሰው» ያልከው ላይ ቀስ በል። ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን አይተዋል። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ነበር። ባሕር ጠረፍ ካለ ሰው ብዙም አይለይም! በአንዲስ ተራራ የሚኖሩት ደቡብ አሜሪካውያን ናቸው በጣም ከፍ የሚለው። «ወፍራም ደም» ለነሱ ይሻላል።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦
በነገራችን ላይ ጠያቂው ያሉበት ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀዩ ኮረብታ» ማለት ነው። ቀይ ያነሰባቸው ሴት ቀይ ኮረብታ ላይ!

ሌላም ልጨምር። «ደም መላሽ» ገዳይን የሚያሳድድ ነው፣ «ደም መልስ» ግን ደምን ወደ ልብ የሚመልስ ሥር ነው። ሁለት ፊደል ሲቀየር ሰላም ይወርዳል። «ደመ ግቡ» ደግሞ መልኩ የሚስብ ሰው ነው፣ ላብራቶሪ አያስፈልገውም።

ሰማይ ጠቀስ፦
«የወፍ በሽታ»ስ እዚህ ውስጥ ይገባል?

ጠብታ፦
በጓሮ በር ይገባል። ያረጁትን ቀይ ሴሎች ጣፊያና ጉበት ውስጥ ያሉ በላተኞች ይውጧቸዋል። ብረቱ አይጣልም፣ ተመልሶ መቅኒ ይሄዳል። መቅኒው በቀን ከሚፈልገው 20 እስከ 25 ሚሊግራም ብረት ከምግብ የሚገባው አንድ ወይ ሁለት ሚሊግራም ብቻ ነው፣ ሌላው በሙሉ የአሮጌዎቹ ውርስ ነው። ቀሪው ቢጫ ነገር ይሆንና በሐሞት ይወጣል። ሴሎቹ እንደ ወባ ባለ ነገር ከልክ በላይ ሲፈርሱ ወይም ጉበት ሲደክም ቢጫው ይከማቻል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ወፏ ምን እንዳደረገች እናንተ ንገሩኝ።

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁም። ሐኪሟ ጋ ደወልን፣ የግፊቱን ኪኒን ጀምራለች፣ ለምርመራም ቀጠሮ ይዘናል። የወጡንና የበርበሬውን ነገር ስነግራት ወዲያው ገባት። «ታዲያ ቀይ አነሰሽ አይሉኝም ነበር?» አለች። እኔ በበኩሌ «ቀይ ማነስ» የሚለውን ደግፌያለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ቀይ ሥር በየቀኑ ትቀቅላለች፣ ደም ይመስላል ብላ።

ጠብታ፦
ትብላ፣ አይጎዳም። ግን ቀለሙ ብረት አይደለም። ምስርና ሥጋ ይሻላታል። የብረት ኪኒኑን በምን ነው የምትውጠው?

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦
በቡና። ከአቦሉ ጋር።

ጠብታ፦
በል ተነስና ከቡናው አርቅላት! ቡናና ሻይ ብረቱን እንዳይገባ ይይዙታል። ሁለት ሰዓት ያህል ይለያዩ፣ ከብርቱካን ወይ ከሎሚ ጋር ቢሆን ደግሞ የተሻለ ይገባል።

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦
ነገርኳት። «ኪኒኑን ማታ እውጣለሁ፣ በረካዬን ግን እንዳትነኩብኝ» ብላለች።