ካንሰር የታከምን ሠራተኞች ማኅበር የዕቅድ ውይይት፦ ከካንሰር ሕክምና በኋላ ሥራ ስለመመለስ ለአሠሪዎች የሚቀርበው የጋራ ሐሳብ፣ ረቂቅ 3

ጸሐፊዋ፦ ረቂቅ 3 ይኸው። ዋናው ነጥብ አልተቀየረም። ከሕክምና የተመለሰ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ሰዓት አይግባ። በግማሽ ቀን ይጀምር፣ በየሁለት ሳምንቱ ሰዓት ይጨመርለት፣ በ12ኛው ሳምንት ሙሉ ይሁን። ደመወዙ አይነካ። አስተያየት እስከ ዓርብ ብቻ።

ገንዘብ ያዥ፦ የፊት ገጹ 300 ቅጂ ታትሟል። ሮዝ ሪባን አለበት። ያምራል።

ሾፌሩ፦ ማን ፈቀደ? ሮዝ የጡት ካንሰር ምልክት ነው። እኔ የአንጀት ነኝ። የአንጀት ጥቁር ሰማያዊ ነው።

ማታ ፈረቃ፦ ከተቆጠረ አይቀር የደም ካንሰር ብርቱካናማ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሰው የሚያውቀው ሮዙን ነው።

ሾፌሩ፦ የሚያውቀው እናንተ ሌላውን ስለማታሳዩት ነው። አምናም በመዋጮዬ ሮዝ ቲሸርት አልብሳችሁ አሰልፋችሁኛል።

መምህሯ፦ ሪባኑን ተዉትና፣ 12 ሳምንት ከየት መጣ? ኬሞ ከጨረስኩ 8 ወር ሆነኝ። አሁንም ከሰዓት በኋላ ቃል ይጠፋብኛል። ባለፈው «ጠመኔ» የሚለው ጠፍቶብኝ «ያንን ነጩን አቀብሉኝ» አልኩ፤ ተማሪዎቹ ሳቁ። ድካሙም ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ዓይነት አይደለም።

ሾፌሩ፦ የኔ ችግር ሰዓት አይደለም። ኦክሳሊፕላቲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት እግሬን አደንዝዞት ሄዷል፤ እንዲያውም የባሰብኝ መድኃኒቱን ካቆምኩ በኋላ ነው። ፔዳል መርገጤን ካላየሁ አላውቅም። በደነዘዘ እግር ግማሽ ቀንም አይነዳም። «ለጊዜው ሌላ ሥራ ላይ መመደብ» የሚል ይግባ። መጀመሪያ ግን ሪባኑ።

ነርሷ፦ ለሁሉም ካንሰር የሚሆን ፈዛዛ ሐምራዊ አለ። እሱን አድርጉና ይብቃን።

ገንዘብ ያዥ፦ እና 300 ቅጂ ልጣል? ሐምራዊውን ከኪሴ ላሳትም?

ሾፌሩ፦ አዎ፣ ከኪስህ።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ሒሳቡን ሌላ ሰው ይያዝ። 4 ዓመት ብቻዬን ስለፋ አንድ ሰው አልጠየቀኝም። ደረሰኞቹን ነገ ለሰብሳቢው አስረክባለሁ።

ሰብሳቢው፦ ማንም አይለቅም። ይልቅ የሰዓት ሰንጠረዡን እሠራለሁ ያለው ልጅ የት ደረሰ? «ሰኞ እልካለሁ» ካለ 3 ሳምንት አለፈው።

ጸሐፊዋ፦ ስልኩ ዝግ ነው።

ማታ ፈረቃ፦ ሪባኑን ግማሹን ሮዝ፣ ግማሹን ሰማያዊ ብናደርገውስ?

ሾፌሩ፦ የልጅ ልደት ነው እንዴ?

ሒሳብ ክፍል፦ እስካሁን ዝም ብያለሁ። ሮዝም ይሁን ሐምራዊ፣ ሪባን ያለበት ወረቀት ቢሮዬ እንዳይደርስ። እዚያ የሚያውቁት ኦፕራሲዮን መሆኔን ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ አያውቁም። ባለፈው የሐኪም ማስረጃ ሳስገባ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ሰው እየሰማ ልታነበው ጀመረች። ከእጇ ቀማኋት። ማኅበሩ ደብዳቤ ልኮ «የእናንተዋ ሠራተኛ አባላችን ናት» ካለ እኔ አልቆልኛል። ዘንድሮ ዕድገት እየጠበቅሁ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ይህን አላሰብኩትም።

ሾፌሩ፦ እኔም።

መምህሯ፦ ካልነገርን ግን ግማሽ ቀን በምን ምክንያት እንጠይቃለን?

ነርሷ፦ ሐኪሙ የሕመሙን ስም ሳይጠራ መጻፍ ይችላል። «ለጊዜው በቀን 4 ሰዓት ይሥራ፣ በእነዚህ ቀናት ክትትል አለው» ብሎ ይፈርማል። ለአሠሪው የሚያስፈልገው የምንችለውንና የማንችለውን ማወቅ ነው። «ከባድ ነገር ፈጽሞ አያንሳ» ግን አታስጽፉ። የብብት ንፍፊቶቼ በኦፕራሲዮን ከወጡ በኋላ ክንዴ አብጦ ነበር፤ በሽተኛ ከአልጋ ማንሳት አቁሜ ቀስ በቀስ ነው የተመለስኩት። «ፈጽሞ» የሚል ወረቀት በእጄ ቢኖር ያኔውኑ ያሰናብቱኝ ነበር።

ማታ ፈረቃ፦ ኬሞ ላይ ሆኖ የሚሠራም አለ። ብዙውን ጊዜ ከተወሰደ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ውስጥ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ይወርዳል። ያን ሰሞን ደንበኛ ከሚጋፋበት መስኮት ይነሣ።

ሰብሳቢው፦ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158ም ይጠቀስ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ነው። አንቀጽ 6 በሕመም ለጊዜው ከሥራ መቅረት ለማሰናበት በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል። ያላጸደቀው አገር ብዙ ነው። ቢሆንም ይጻፍ።

ጸሐፊዋ፦ ረቂቅ 4። አንደኛው ገጽ አሁን ስለ ምስጢር ነው፤ የሐኪም ወረቀት ታሽጎ ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጥ፣ የሕመሙ ስም አይጠየቅ። አባላትን በስም የሚጠራ ደብዳቤ አይላክም። ሪባን የለም። ርዕሱም «የሠራተኛ የጤና መረጃ አያያዝ» ሆኗል።

መምህሯ፦ የሰዓቱስ ነገር?

ጸሐፊዋ፦ አባሪ 2 ላይ አለ። ሰንጠረዡ ሲመጣ ይሞላል።

መምህሯ፦ ማን ነው የሚያመጣው? ከሰኞ ጀምሮ ሙሉ ቀን ግቢ ተብያለሁ እኮ።

ሾፌሩ፦ «ሌላ ሥራ ላይ መመደብ» የሚለውን አባሪ 2 ላይም አላየሁትም።

ሰብሳቢው፦ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይያዝ።

ገንዘብ ያዥ፦ የ300ው ቅጂ ጀርባ ባዶ ነው። ቃለ ጉባኤ ይጻፍበት።

ሾፌሩ፦ በጀርባው ከሆነ ግድ የለኝም።