ቨርቹዋል ማሽኔ ላይ ራም ልጨምር ብል ሴቲንጉ ደብዝዞ አልነካ አለኝ

ከዚራ_ልጅ
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ድሬ ነኝ። ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም፣ ባለ 4 ኮር ነው፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን ሚያስነሳ ፕሮግራም) ጭኜ ኡቡንቱ ሚባለው ሊኑክስ ውስጥ ነው ምሰራው። ስጭነው 2 ጊጋ ራምና 1 ሲፒዩ ነበር የሰጠሁት፣ አሁን ፋየርፎክስና ተርሚናል አብሬ ከከፈትኩ ማውዙ ራሱ ይቆማል። ዛሬ ሴቲንግ ገብቼ ራሙን ልጨምር ስል ያ ሚንሸራተተው ነገር ደብዝዞ ንክችም አይል፣ ሲፒዩውም እንደዛው። ትናንት ማታ መብራት ሄዶ ባትሪዬ 10 ፐርሰንት ሲቀረው ቶሎ ብዬ በኤክስ ዘጋሁት፣ የሆነ ነገር ጠየቀኝ ሳላነበው ኦኬ አልኩት። ውስጡ የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ኮድ አለ፣ ሴቭ ያላደረግኩት ፋይልም አለ፣ ባክአፕ የለኝም። አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫነው ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

ጀጎል_ሐረር
አቦ እንዳታጠፋው! ምንም አልተበላሸም። ማሽኑ ስም ስር ምን እንደሚል እየው፣ «ሴቭድ» ካለ ኦኬ ያልከው ሴቭ ዘ ማሽን ስቴት ሚለውን ነው። ማሽኑ አልጠፋም፣ ባለበት ደርቆ ራሙ ላይ የነበረው ሁሉ ዲስክ ላይ በፋይል ተቀምጧል፣ ስታስነሳው ያንኑ በዛው 2 ጊጋ ውስጥ መልሶ ስለሚከፍት ነው መጠኑን ማያስነካህ። ዲስካርድ ሚል አለ፣ እሱን ከጫንክ ሴቲንጉ ይከፈትልሃል ግን ሶኬት እንደመንቀል ነው፣ ያ ሴቭ ያላደረግከው ፋይል ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ስታርት በለው፣ ኮድህን ሴቭ አድርግ፣ ፍላሽ ላይም ገልብጠው፣ ከዛ ራሱ ኡቡንቱ ውስጥ ገብተህ ፓወር ኦፍ አድርገው። «ፓወርድ ኦፍ» እስኪል ጠብቅ፣ ያኔ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ማዘርቦርድ ሚለው ላይ ራሙ ይንቀሳቀስልሃል፣ ሲፒዩው ደግሞ አጠገቡ ፕሮሰሰር ሚለው ውስጥ ነው።

ሳቢያን_ኔት
ጀጎል ትክክል ነው፣ እኔ ምጨምረው መጠኑን ነው። ከ8 ጊጋ ላይ 4 ስጠው እንጂ 6 እንዳትሰጠው፣ ዊንዶውሱ ራሱ ራም ሲያጥረው ዲስክ ላይ መገልበጥ ይጀምርና ሁለቱም አብረው ይሞታሉ፣ መስመሩም ቀይ ጋ ከደረሰ አልፈሃል ማለት ነው። ሲፒዩ 2 በቂ ነው። እኔ 4ቱንም ሰጥቼው ነበር፣ ግንቦት ላይ ከሰዓት በዛ በድሬ ሙቀት ፋኑ ሲጮህ ውሎ ላፕቶፑ ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ቀነሰ፣ ወደ 2 ስመልሰው ነው የተረጋጋው። ዲስፕሌይ ውስጥ ያለውን ቪዲዮ ሜሞሪም 128 ሜጋ አድርገው፣ መስኮት ስታንቀሳቅስ ይለያል። ደግሞ ሴቲንጉ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትመን፣ ኡቡንቱው ምን እንዳገኘ ከውስጥ እየው፣ ተርሚናል ላይ ለራሙ ፍሪ ብለህ ስፔስ ዳሽ ኤች (free -h)፣ ለሲፒዩው ኤንፕሮክ (nproc) ብለህ ጻፍ። 4 ጊጋ ሰጥተኸው 3.8 ምናምን ቢልህ እንዳትደነግጥ፣ ከርነሉ (የኡቡንቱው ዋና እምብርት) ለራሱ ይዞ ነው።

ከዚራ_ልጅ
ወላሂ ሰራ! ፋይሉም አለ፣ ኮዱን ፍላሽ ላይ አድርጌዋለሁ። ፍሪ 3.8 አለኝ፣ ኤንፕሮክም 2። ፋየርፎክስ አሁን አይቆምም ግን አሁንም ትንሽ ይጎተታል፣ ከታች በቀኝ በኩል ደግሞ ትንሽዬ አረንጓዴ ኤሊ አለች፣ ምንድናት?

ጀጎል_ሐረር
እሷ ናታ ምትጎትትህ። ኤሊዋ ካለች ሃይፐር ቪ ሚባለው የዊንዶውስ የራሱ ቨርቹዋል ማሽን ማስነሻ ቀድሞ ቨርቹዋላይዜሽኑን (ሲፒዩው ለቨርቹዋል ማሽን ሚሰጠውን እገዛ) ይዞታል፣ ቨርቹዋልቦክስ በሱ በኩል ዞሮ ነው ሚሰራው። ዊንዶውስ ፊቸርስ ሚለውን ክፈትና ሃይፐር ቪ፣ ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርም፣ ዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርም ላይ ያለውን ምልክት አንሳ፣ ሪስታርት። ዶከር ሚባለውን ፕሮግራም ዊንዶውሱ ላይ ምትጠቀም ከሆነ ግን ይቆምብሃል እወቅ። ኤሊዋ ካልሄደች ኮር አይሶሌሽን ውስጥ ሜሞሪ ኢንተግሪቲ ሚል አለ፣ እሱ የዊንዶውሱ ጥበቃ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ካልሆነ አትንካው።

ሳቢያን_ኔት
አንድ ነገር ረስቼ፣ ድሮ ስናፕሾት (ማሽኑ በዛች ሰዓት ያለበትን ሁኔታ ሚይዝ መመለሻ) ወስደህ ከነበረና ወደሱ ከተመለስክ ራሙም አብሮ ወደ 2 ይመለሳል፣ ስናፕሾቱ ሴቲንጉንም ነው ሚይዘው። ስለዚህ አሁን ማሽኑን ፓወር ኦፍ አድርገህ አዲስ ስናፕሾት ውሰድ።

ከዚራ_ልጅ
ኤሊዋ በሦስቱ ብቻ ሄደች፣ ቦታው ላይ ቪ ሚል ምልክት መጣ። ስናፕሾቱንም እየወሰድኩ ነው፣ እናመሰግናለን ወንድሞቼ።