የታይሮይድ መድኃኒትና መልቲቪታሚን በጾም ወቅት እንዴት ይወሰዱ?

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የታይሮይድ ዕጢዋ ሆርሞን በበቂ ስለማያመነጭ በየቀኑ ሌቮታይሮክሲን ትወስዳለች። አሜሪካ ያለችው እኅቴ ጾሙ እንዳያደክማት ብላ፣ አንዱ ፍሬ 18 ሚሊግራም ብረትና 200 ሚሊግራም ካልሲየም የያዘ መልቲቪታሚን ላከችላት። ሁለቱም ማዕድናት መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውኩ ቢያንስ 4 ሰዓት ማራራቅ እንደሚገባ አውቃለሁ። የቸገረኝ ግን እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አለመቅመሷ፣ መድኃኒቱ ደግሞ ባዶ ሆድ መፈለጉ ነው፤ ጾሟን እንደገደፈችም ቡናው ይከተላል። ቪታሚኑን በዘጠኝ ሰዓት ከምግብ ጋር፣ መድኃኒቱን ከእራት ብዙ ቆይታ በመኝታዋ ሰዓት ብትወስድ ይስማማታል? ወይስ ብረትና ካልሲየም የሌለበትን ብንፈልግላት ይሻላል? ሐኪሟ እስኪያያት ድረስ ቪታሚኑን አላስጀመርናትም። ፋርማሲስቶች ካላችሁ፣ እባካችሁ ምን ብለን እንደምንጠይቀው ምከሩኝ።