አሮጌ የለስላሳ ፍሪጅ ሳላበላሸው እንዴት ላጽዳው?

የፒያሳዋ (ደሴ)፦
እንዴት ዋላችሁ። ለሱቅ የሚሆን አሮጌ የለስላሳ ፍሪጅ አግኝቻለሁ፤ ክዳኑ ከላይ የሚከፈት የሣጥን ዓይነት፣ ጎኑ ላይ የጠርሙስ መክፈቻና የቆርኪ ማጠራቀሚያ ያለው። መጋዘን ውስጥ ብዙ ዓመት ቆሟል። ወለሉ ላይ የፈሰሰው ለስላሳ ደርቆ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፤ ጥግ ላይ የአይጥ ጎጆ አለ፤ ሽታው አያስጠጋም። የክዳኑ ጎማ ሻግቷል። ውጩ ቀይ ነው፤ ነጩ ጽሑፍ እንዲለቅ አልፈልግም። እግሮቹ ዝገዋል። ስፒናው ባለሁለት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ እስካሁን አልሰካሁትም። በጎማ ውኃ ልርጨው? በረኪናስ ይሆናል?

ሞተር ጠጋኝ (ኮምቦልቻ)፦
አብሽሪ እህቴ፣ እንኳንም አልሰካሽው። ጠፍጣፋ ስፒና ያለው ዕቃ ብዙውን ጊዜ የአሜሪካ ነው፤ የሚሠራውም በ115 ቮልት፣ በ60 ኸርዝ ነው። የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ስፒናውን ብቻ ቀይረሽ ብትሰኪው ሞተሩ ወዲያው ይቃጠላል። ከኋላው ወይም ሞተሩ ካለበት ክፍል የተለጠፈች የብረት ጽሑፍ አለች፤ ቮልቱን፣ አምፔሩንና የጋዙን ዓይነት አንብበሽ ጻፊልን።

ውኃ በጎማ አይረጭም። ግድግዳው ድርብ ላሜራ ነው፤ በመካከሉ ቅዝቃዜ የሚይዝ የመስታወት ሱፍ ወይም ፎም አለ። በብሎን ቀዳዳና በስንጥቅ የገባ ውኃ እዚያው ይቀራል። የራሰው ሱፍ ቅዝቃዜ አይዝም፤ ላሜራውም ከውስጥ ይበላና የምታውቂው ሲቀደድ ነው። በደሴ ጉም ደግሞ በራሱ ይደርቃል ብለሽ አትጠብቂ።

ጓዳ (ደሴ)፦
መጀመሪያ የአይጡን ነገር ጨርሺ። በመጥረጊያ እንዳትነኪው፤ አቧራው በትንፋሽ ገብቶ በሽታ ያመጣል። ክዳኑን ከፍተሽ ግማሽ ሰዓት ይናፈስ። ጓንትና ማስክ አድርገሽ 1 እጅ በረኪና በ10 እጅ ውኃ በጥብጪና ጎጆውንና በጠጡን በመርጫ ጠርሙስ በደንብ አርሺው። ከ10 ደቂቃ በኋላ በወረቀት ሰብስበሽ በፌስታል አስረሽ ጣይ።

ስኳሩን በቢላ አትፋቂው፤ ላሜራውን ትቧጭሪዋለሽ፣ ዝገትም ከዚያ ይጀምራል። 5 ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ እጅ የሚችለው ያህል፣ ከ2 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጋር አዘጋጂ። አሮጌ ፎጣ ነክረሽ፣ ትንሽ ጨምቀሽ፣ በጥቁሩ ላይ አንጥፊና እንዳይደርቅ በፌስታል ሸፍኚው። 30 ደቂቃ ሲሞላው በማይሠራ የባንክ ካርድ እየገፋሽ አንሺው። በአንድ ዙር አይለቅም፤ ሦስት አራት ጊዜ ድገሚው። የመጀመሪያው ዙር ቡናማ ውኃ ብቻ ነው የሚያወጣው።

አዲስ ገቢ፦
ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? የፈላ ውኃ፣ አቼቶና በረኪና አንድ ላይ ደባልቆ መድፋት ነው።

ጓዳ (ደሴ)፦
ይህን ማንም እንዳያደርገው! በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ በሣጥን ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ ከታች ይተኛል፣ የሚያጸዳ ሰው ጭንቅላቱን የሚያስገባውም እዚያው ነው። የፈላ ውኃውም በአፉ ዙሪያ ያለውን ፕላስቲክ ይሰነጥቀዋል።

የፒያሳዋ (ደሴ)፦
ጽሑፏ ተገኘች፦ 115 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 5 አምፔር፣ ጋዙ አር-12። ውስጡ ዚንክ የተቀባ ላሜራ ነው። ስኳሩ በአራተኛው ዙር ለቀቀ! ሽታው ግን አለ፤ ከታች ያለው የውኃ መውጫ ቀዳዳም ተደፍኗል።

ጓዳ (ደሴ)፦
ዚንክ ከሆነ አቼቶም ሎሚም ይቅር፤ አሲድ ቅቡን ይበላዋል። በረኪናውንም ከነካው ቦታ ሁሉ በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ ደጋግመሽ አንሺው።

ለቀዳዳው የብረት ሽቦ አታስገቢ፤ ቱቦውን ይበሳዋል ወይም ከመገጣጠሚያው ያላቅቀዋል። ለስላሳ የግሉኮስ ቱቦ ቀስ እያልሽ አስገቢና በትልቅ ሲሪንጅ ለብ ያለ ውኃ ግፊ። ብዙውን ጊዜ የሚደፈነው መታጠፊያው ላይ ነው።

ለሽታው በ1 ሊትር ውኃ 4 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠሽ በጨርቅ አዳርሺው፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ጥረጊና አድርቂው። ክዳኑ ሥር እንጨት ሸጉጠሽ ሁለት ቀን ክፍት ይደር፤ ውስጡ አንድ ሳሕን የተፈጨ ከሰል አስቀምጪ። ዕጣን አታጪሺበት፤ ሽታውን ለአንድ ቀን ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም።

ጎማውን በጥርስ ብሩሽና በሳሙና፣ እጥፋቱን እየከፈትሽ። ጥቁሩ ካልለቀቀ ያችኑ የበረኪና ብጥብጥ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ማጠብ። ሲደርቅ ስስ ግሊሰሪን ቀቢው። ቫዝሊን የድሮ ጎማ ያሳብጣል፤ ቤንዚንማ ጭራሽ አይታሰብም። ከዚያ ብር ኖት በክዳኑ መካከል ይዘሽ ዝጊና ሳቢው፤ ያለ ትግል ከወጣ በዚያ በኩል አይገጥምም ማለት ነው።

ቀለም ቤት (ደሴ)፦
ውጩን እኔ ልበል። ቲነርም የዕቃ ማጠቢያ ሽቦም ወደ ጽሑፉ አይጠጉ። በሳሙና ከታጠበና ከደረቀ በኋላ የመኪና ኮምፓውንድ (ቀለም የሚያጠራ ቅባት) በለስላሳ ጨርቅ፣ በእጅ ብቻ። መጀመሪያ በማይታይ ጎን ሞክሪው። ጨርቁ ቢቀላ አትደንግጪ፤ የሞተው የላይኛው ቀለም ነው። ነጩ ፊደል ወደ ሮዝ ከሄደ ግን ቀዩን የነካው ጨርቅ ነው የሄደበት፤ ለፊደሎቹ ለብቻው ንጹሕ ጨርቅ ያዢ።

የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈተግም። እግሮቹን በ120 ቁጥር፣ ከዚያ በ240 የውኃ ብርጭቆ ወረቀት እያራስሽ ፈትጊ፤ ወዲያው አድርቂና በዚያው ቀን አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) አስይዢው፤ ካደረ ይዝጋል። ሁለት ስስ እጅ ከአንድ ወፍራም ይሻላል። በክረምት ከረፋዱ 5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀቢ፤ ጉም ሲወርድበት ቀለሙ ይነጣል። ክሮም ለሆነው መክፈቻ የተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይል በውኃ አርሰሽ እሺው፤ ከክሮሙ ስለሚለሰልስ ዝገቱን ያነሳል፣ አይቧጭርም።

ሞተር ጠጋኝ (ኮምቦልቻ)፦
5 አምፔር በ115 ቮልት ሲባዛ 575 ቮልት-አምፔር ነው፤ ሞተር ሲነሳ ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ይስባል። ስለዚህ ቮልት አውራጅ ትራንስፎርመሩ ከ2000 ቮልት-አምፔር አይነስ። ባለ 100 ቮልት መውጫ ያለው ካገኘሽ እሱን ምረጪ፤ የ60 ኸርዝ ሞተር በ50 ኸርዝ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ በሙሉ 115 ቮልት ከሠራ ደግሞ ይበልጥ ይግላል። ስታብላይዘር የዚህን ሥራ አይተካም።

የሞተሩን ክፍል በደረቁ አጽጂ። የኮንደንሰሩን (ሙቀት የሚያወጣውን ባለ ክንፍ ቱቦ) አቧራ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ በክንፎቹ አቅጣጫ ብቻ ጥረጊ፤ በአየር ስትነፊ ቬንትሌተሩ እንዳይሽከረከር በእጅሽ ያዢው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የማውጣት አቅሙ ያንሳል፣ የተደፈነ ኮንደንሰር እዚህ ይበልጥ ያስቸግራል።

ሽቦዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዪ። አይጥ የነካው ወይም ስታጥፊው ሽፋኑ የሚሰባበር ከሆነ በቴፕ አይሸፈን፣ ሙሉውን ማስቀየር ነው። አዲሱ ገመድ ባለሦስት ሽቦ፣ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን፤ ቢጫና አረንጓዴው የኧርዝ (የመሬት) ሽቦ የፍሪጁ ቀለም በተፋቀ ቦታ ላይ ከላሜራው ጋር በብሎን ይታሰር። ያለ ኧርዝ እርጥብ እጅ የሚነካው የብረት ሣጥን ሱቅ ውስጥ አይቀመጥም። ከመሰካትሽ በፊት ከኧርዙ በቀር ከእያንዳንዱ የስፒና እግር እስከ ላሜራው በመልቲሜትር ይለካ፤ ከ1 ሜጋኦም በታች ካሳየ አይሰካም።

ጋዙን በተመለከተ፦ አር-12 የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ በኛ ዓይነት አገሮችም እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ ቀርቷል። ሳይሞከር «ጋዝ እንሙላለት» የሚል ሰው ቱቦውን እንዳይበሳው። በአር-134ኤ ልተካው የሚልም ዘይቱን ካልቀየረ ሞተሩን ይገድለዋል፤ የድሮው የማዕድን ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሃድም።

የፒያሳዋ (ደሴ)፦
እሺ ወንድም ጋሼ። ሲጫን በጎኑ ተኝቶ ነበር፤ ችግር አለው?

ሞተር ጠጋኝ (ኮምቦልቻ)፦
ዘይቱ ወደ ሞተሩ እንዲመለስ ቀጥ ብሎ 24 ሰዓት ይቁም። ከዚያ ባዶውን አስነሺው። «እምም» ብሎ በሰከንዶች ውስጥ ቀጭ ካለና ከቆመ ንቀዪው፤ ሬሌው (ሞተሩን የሚያስነሳው ማብሪያ) ወይም ሞተሩ ተይዟል፣ ደጋግመሽ ብትሞክሪ ይቃጠላል። ከተነሳ መካከሉ ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃና ቴርሞሜትር አስቀምጪ፤ በማግስቱ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ካሳየ ጤነኛ ነው። ሞተሩ እየሠራ ኮንደንሰሩ ለብ እንኳ ካላለ ጋዙ አልቋል ወይም ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ደክሟል። ከግድግዳው አንዱ በኩል ብቻ በረዶ ከያዘ ጋዙ ጎድሏል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ 5 ደቂቃ ሳትጠብቂ አትሰኪው።