ለበገና እና ለድሮ ካሴት የትኛው ሄድፎን ይሻላል?

የአያት ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ከዱባይ ስለሚመጣ አንድ ሄድፎን ላስመጣ አስቤአለሁ። አቅሜ 200 ዶላር አካባቢ ነው። እቃው አንዴ አዲስ አበባ ከገባ መመለሻ የለውምና ገንዘቡን ከመላኬ በፊት የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው።

የማዳምጠው እንዲህ ነው። በጾም ወራት በገና፣ ከሁሉም በላይ የአለሙ አጋን። ጾሙ ሲፈታ ጥላሁን፣ ማሕሙድ፣ ብዙነሽ። አብዛኛው ከአባቴ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠ ስለሆነ ከዘፈኑ ጀርባ ያ የካሴት ሽሽታ አለ። ማሲንቆ ካገኘሁ አላልፍም። ማታ ማታ ደግሞ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ፒያኖ። ደረት የሚደልቅ ቤዝ ያለው ሙዚቃ ግን ብዙም አይስበኝም።

በየቦታው ሲመሰገኑ የማያቸው ሦስት ናቸው፦ የኦዲዮ ቴክኒካ ኤም 50 ኤክስ፣ የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ እና የሶኒ ኤክስኤም 4። ችግሩ፣ የሚያመሰግኗቸው ሰዎች የሚያዳምጡት ሮክ፣ ሂፕ ሆፕ እና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው። የእነርሱ ምስክርነት ለእኔ በገና ይሠራል? የማዳምጠው ቤት ውስጥ ብቻ ነው፤ ታክሲ ላይ አልጠቀምበትም። ስልኬ የሄድፎን ቀዳዳ የለውም።

ናቲ 22

ኤም 50 ኤክስ ግዢና ተገላገይ። ስቱዲዮዎች ሁሉ የሚጠቀሙበት ነው። ለባለሙያ የሚበቃ ለአድማጭ እንዴት ያንሳል?

ባለ ሸክላ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ቦታውን የመታ ነው። ናቲ ወንድሜ አይቀየመኝና፣ «የስቱዲዮ ነው» የሚለው ምስጋና ለአንቺ ምንም አይነግርሽም። እንደ ኤም 50 ኤክስ ያለ ዝግ፣ ማለትም ጀርባው የተደፈነ ሄድፎን ስቱዲዮ የሚገባበት ዋናው ምክንያት ዘፋኙ ጆሮ ላይ ያለው ድምፅ ወደ ማይክሮፎኑ እንዳይፈስ ነው። አንቺ ደግሞ ቤትሽ ተቀምጠሽ ነው የምታዳምጪው።

እስቲ ከበገናው እንጀምር። አሥር አውታር አለው። አውታሩ ብርኩማው (አውታሮቹን የሚደግፈው እንጨት) ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ደርዳሪው ያቺን ቁራጭ በጣቱ ጥቂት ወደ ላይ፣ ጥቂት ወደ ታች እያለ ቦታዋን ካላስያዛት በገናው ዝም ያለ ጅማት ነው፤ ቦታዋን ስትይዝ ያ የምናውቀው ንዝረት ይመጣል። አውታሩ በራሱ ወፍራምና ዝቅተኛ ድምፅ ነው ያለው። ንዝረቱ ግን ከዚያ በላይ፣ ከ1,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ድምፁ ይቀጥናል) አልፎ እስከ ብዙ ሺህ ይዘረጋል። ስለዚህ ለበገና የሚሆን ሄድፎን ሁለቱን ሳያበላልጥ ማሰማት አለበት።

አሁን የጠቀስሻቸውን ሦስቱን በዚህ መዝኛቸው። ኤክስኤም 4 ከፋብሪካ ሲወጣ ቤዙ በደንብ ከፍ ተደርጎ ነው። የተጨመረው ቤዝ ከታች ብቻ አይቀርም፤ ወደ ወንድ ድምፅ ሰፈር ይወጣል። ጥላሁንን ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ያስመስለዋል፤ በበገናው ላይ ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ንዝረቱን ይውጠዋል። ዋጋውም ቢሆን ግማሹ የሚከፈለው የውጭ ጫጫታ ለሚያጠፋው ቴክኖሎጂ ነው፤ ታክሲ ላይ ካልተጠቀምሽበት ለምን ትከፍያለሽ?

ዲቲ 990 ተቃራኒው ነው። ጀርባው ክፍት ስለሆነ ድምፁ ሰፋ ይላል፣ ጆሮም አያፍንም። ነገር ግን መካከለኛው ድምፅ ወደ ኋላ ተስቦ፣ ቀጭኑ ድምፅ በተለይ 8,000 ኸርዝ አካባቢ ጎልቶ የተሠራ ነው። የካሴትሽ ሽሽታ የሚኖረው እዚያው ሰፈር ነው። የማሲንቆው ደጋን ጭራው ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ፍትጊያም እዚያ ይደርሳል። በንጹሕ ቅጂ ደስ ሊልሽ ይችላል፤ በአባትሽ ካሴት ግን ከብዙነሽ በፊት ሽሽታውን ነው የምትሰሚው። ኤም 50 ኤክስ ከሁለቱ መካከል ነው፤ መጥፎ ምርጫ አይደለም፣ ግን እርሱም ቤዙን ከፍ አድርጎ ነው የሚያቀርበው።

በእነ ጥላሁን ዘመን የተቀረጹ ዘፈኖቻችን ብዙዎቹ ባንዱ በሙሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስቦ፣ በአንድ ጊዜ እየተጫወተ የተቀረጹ ናቸው። ሳክስፎኑ ወደ ዘፋኙ ማይክሮፎን ይገባል፣ ከበሮው ወደ ሁሉም ይገባል። ከታች የሚያናውጥ ቤዝ ብትፈልጊም በቅጂው ውስጥ የለም። ሀብቱ ያለው መካከል ላይ ነው፤ ድምፃዊው፣ ነሐሱ፣ ኦርጋኑ። መካከለኛውን ድምፅ በሐቅ በማሰማት ስማቸውን ያተረፉት ደግሞ የሰንሃይዘሮቹ ኤችዲ 600 እና ኤችዲ 650 ናቸው። 600ው ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ እስከ ዛሬ ሰው ሌላውን የሚያወዳድረው ከእርሱ ጋር ነው። ግን ከአቅምሽ በላይ ነው፤ 300 ኦም (ኦም ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ነው፤ ሲበዛ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል) ስለሆነም ከስልክ ጋር በሚያያዝ ትንሽ ማገናኛ ጉልበት ያንሰዋል። ለአንቺ የምመክረው ታናሽ ወንድሙን ኤችዲ 560 ኤስን ነው። 120 ኦም ነው፤ በ1 ቮልት 110 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ)፣ ማለትም በጣም ከፍ ያለ ድምፅ ስለሚሰጥ ማገናኛው በደንብ ያንቀሳቅሰዋል። ጀርባው ክፍት ነው፣ ሚዛኑን የጠበቀ ነው፣ መነጽር ላደረገ ሰውም አይከብድም።

ስለ እማሆይ ፒያኖ አትጨነቂ። ከጠራሽልን ውስጥ ያንን የሚያበላሽ የለም።

ድምፅ ቀራጭ

የባለ ሸክላን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ ግን አንድ ነገር ልቃወም። «ለሮክ የሚሆን፣ ለበገና የሚሆን» የሚባል ሄድፎን የለም። ሚዛኑን የጠበቀ ሄድፎን የተቀረጸውን ነው የሚያሰማው፤ በገና ቢሆን ሮክ ቢሆን ግድ የለውም። የድምፅ መሣሪያ ሠሪው የሐርማን ኩባንያ ተመራማሪዎች ባሳተሟቸው ጥናቶችም ሰዎች፣ አገራቸውና ዕድሜያቸው ቢለያይም፣ የሚመርጡት የድምፅ ሚዛን ተቀራራቢ ሆኖ ነው የተገኘው። ሚዛኑ ካልተመቸሽ ኢኳላይዘር አለ፤ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ። ዲቲ 990ን ገዝታ 8,000 ኸርዝ አካባቢ 5 ወይም 6 ዴሲቤል ብትቀንስለት ግማሹ ቅሬታ ይጠፋል። ለኮምፒውተር ኢኳላይዘር ኤፒኦ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ለአንድሮይድ ስልክ ዌቭሌት።

ባለ ሸክላ

በንጹሕ ቅጂ ከሆነ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ግን ካሴት ሚዛናዊ ነገር አይደለም። ኢኳላይዘሩ ሽሽታውን ሲቀንስ የማሲንቆውን ደጋንም አብሮ ይቀንሰዋል፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ናቸውና መለየት አይችልም። ከመጀመሪያው ያንን ሰፈር የማያጋንን መግዛት እየተቻለ፣ አጋናኝ ገዝቶ ማረም ለምን ያስፈልጋል? በተረፈ ይህች እህታችን ሙዚቃ ልትሰማ ነው እንጂ በየማታው ቁልፍ ልታስተካክል አይደለም።

ድምፅ ቀራጭ

ቁልፍ ማስተካከልም ደስታ የሚሆንለት ሰው አለ እኮ። እሺ፣ ለእርሷ ጉዳይ 560 ኤሱ ይሻላል፤ ተስማምቻለሁ።

የአያት ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእንዚራውን ነገር ከደርዳሪ እንኳን እንዲህ ተብራርቶ አልሰማሁም። ግን አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፦ የምተኛው ከእናቴ ጋር አንድ ክፍል ነው። ጀርባው ክፍት ከሆነ ድምፁ ወደ ውጭ አይወጣም? መነጽርም አደርጋለሁ።

ባለ ሸክላ

ይወጣል። አጠገብሽ የተኛ ሰው ቃሉን ሳይቀር ይሰማዋል። ይህ ነገር ምክሬን ያናውጠዋል።

ዝግ የሆነ፣ ግን ቤዙ መካከለኛውን የማይወርር ከፈለግሽ የኤኬጂ ኬ 371 አለ። 32 ኦም ስለሆነ በማንኛውም ማገናኛ ይሠራል። አንድ ጠባይ ግን አለው፦ ዝግ ሄድፎን ቤዙን የሚይዘው ትራሱ በጆሮሽ ዙሪያ ቆዳ ላይ ሲገጥም ነው። የመነጽርሽ ዘንግ ከሥሩ ካለፈ፣ ወይም ወፍራም ሹሩባ ከተሠራሽ አየር ያስገባል፤ ያኔ ወፍራሙ ድምፅ ሾልኮ ይሄዳል። በገናሽ ንዝረት ብቻ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ይህኛው ከሌሎች ዝጎች ይበልጥ በዚህ ይታማል። 560 ኤሱ ጀርባው ክፍት ስለሆነ ክፍተቱ ያን ያህል አይጎዳውም።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ እናትሽ ተዛወረ። እንቅልፋቸው ቀላል ነው ወይስ ከባድ?

የአያት ልጅ

እናቴ በገናውን ሰምታ አታውቅም መሰለህ? «ያንን ከጆሮሽ አውጪውና እኔም ልስማ» የምትለኝ እርሷ ናት። በበገና ሰዓት ድምፁ ቢወጣ ደስ ይላታል እንጂ አትቆጣም። የሚያጣላን በጾም ማሕሙድን የከፈትኩ እንደሆነ ነው፤ እርሱንም ሳሎን ሄጄ እሰማዋለሁ። 560 ኤሱን ላስመጣ ነው። ለአክስቴ ልጅ ምን ብዬ ልንገረው? ስለ እቃው ምንም አያውቅም።

ባለ ሸክላ

ሳጥኑ ያልተከፈተ እንዲሆን፣ ደረሰኝ እንዲይዝ፣ መንገድ ላይ ከሚሸጥ እንዳይገዛ ንገሪው። የታወቁ ሄድፎኖች አስመስለው የተሠሩ አሉ፤ ዋጋው ከሌላው ቦታ በግማሽ ከቀነሰ ትቶት ይሂድ። የ560 ኤሱ ገመድ ጫፍ ወፍራሙ የ6.3 ሚሊሜትር መሰኪያ ነው፤ ወደ ትንሹ 3.5 የሚቀይረው አብሮ ሳጥኑ ውስጥ ይመጣል፣ እንዳይጥለው። ለስልክሽ ደግሞ ከቻርጅ ቀዳዳው ወደ 3.5 የሚቀይረውን ማገናኛ እዚያው ይግዛልሽ። የስልክሽን ዓይነት ጽፈሽ ላኪለት፤ ሁሉም ማገናኛ ከሁሉም ስልክ ጋር አይግባባም።